እጀታ ስላለው ኮምፒውተርነቱ አይቀርም

ሰሞኑን በባሕር ዳር በአንድ የትምህርት ተቋም በር ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። በእጅ የሚያዙ የጨዋታ ኮምፒውተሮች ወደ ግቢው እንዳይገቡ፣ ይዞ የተገኘ ተማሪም ዕቃውን ለጥበቃ እንዲያስረክብ ያዛል። ላፕቶፕ ተፈቅዷል። ታብሌት ተፈቅዷል። ስማርት ስልክማ ማን ይጠይቃል? የተከለከለው አንድ ዓይነት ኮምፒውተር ብቻ ነው፤ ጥፋቱም ግራና ቀኝ እጀታ፣ በአውራ ጣት የሚገፉ ሁለት ጆይስቲክና ጥቂት ቁልፎች ያሉት መሆኑ ነው። የተቋሙ ኃላፊ ተማሪዎችን ሰብስበው ውሳኔውን ሲያስረዱ ሦስት ምክንያት ሰጥተዋል። ዕቃው የልጅ መጫወቻ ነው፤ ሱስ ያስይዛል፤ የግቢውን መብራት ይጨርሳል።

ሦስቱም አያስኬዱም። ሦስተኛው ግን አንድ የትምህርት ተቋም በአደባባይ ሊናገረው የማይገባ ነውና ከእሱ እጀምራለሁ።

መብራት ይጨርሳል የተባለው ዕቃ ቻርጀሩ 65 ዋት ነው። ይህን የምለው በወሬ አይደለም። ኮምፒውተር በመጠገን የምተዳደር ሰው ነኝ፤ ወንድሜ ከውጭ ሲመጣ ለእህታችን ልጅ ያመጣለትን ኤክስቦክስ አላይ ኤክስ የተባለ በእጅ የሚያዝ የጨዋታ ኮምፒውተር እኔም እየተቀበልኩ ስሠራበትም ስጫወትበትም ሰንብቻለሁ። የኮምፒውተር አምራቹ አሱስ ከማይክሮሶፍት ጋር ተባብሮ በጥቅምት 2018 ለገበያ ያቀረበው ነው። ባትሪው 80 ዋት ሰዓት ይይዛል። ከባዶ ተነስቶ እስኪሞላ ድረስ፣ በመሐል የሚባክነው ተጨምሮ፣ ከአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት አንድ አሥረኛው ገደማ ቢወስድ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ሺህ ዋትና ከዚያም በላይ ይስባል። እንግዲህ አስሉት፤ በአንድ ምጣድ ለአንድ ሰዓት እንጀራ ሲጋገር የሚሄደው ኃይል ይህን ባትሪ ሠላሳ ጊዜ ያህል ይሞላዋል። ለጨዋታ ተብሎ የተሠራ ላፕቶፕ ደግሞ ቻርጀሩ 200 ዋትና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። እሱ በበሩ ያልፋል፤ ማንም አያስቆመውም። ሦስት እጥፍ የሚስበው ገብቶ ሲሶውን የሚስበው ተከልክሏል። መብራት አሳስቧቸው ቢሆን ኖሮ የቻርጀሩን ጀርባ አገላብጠው ያነቡ ነበር። ቁጥሩ እዚያው ተጽፏል።

የሕዳሴው ግድብ በጳጉሜን 2017 ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ዓባይ ከጣና በሚወጣባት ከተማ ተቀምጦ የተማሪን 65 ዋት መቁጠር ያሳፍራል።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ኃላፊው መጫወቻ ያሉት ዕቃ፣ መብራት እየመጣ ለሚሄድባት ለዚህች ከተማ ከማውቃቸው ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚስማማው ነው። ይህን በድፍረት እናገራለሁ። ክረምት ላይ ነጎድጓዱ ከጣና ማዶ ሲጀምር መብራቱ ጥርግ ብሎ እንደሚሄድ ባሕር ዳር የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። የጠረጴዛ ኮምፒውተር ላይ ሲሠራ የነበረ ተማሪ ያላስቀመጠው ጽሑፍ አብሮ ይጠፋበታል። በየሰፈሩ ያሉት የፕሌይስቴሽን ቤቶችም ጨዋታው ከመሐሉ ይቋረጥና ልጆቹ በከፈሉት ገንዘብ ከባለቤቱ ጋር ይጨቃጨቃሉ። ይህ ዕቃ መብራቱ መሄዱንም አያውቅ፤ በባትሪው ይቀጥላል። የማብሪያ ቁልፉን አንዴ ሲጫኑት ባለበት ያሸልባል፤ ሲመለሱ ጣት በቁልፉ ላይ ሲያርፍ አሻራውን ለይቶ ካቆመበት ይነሳል። ኃይሉንም እንደ ሥራው ከፍና ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ቺፑ እስከ 35 ዋት ድረስ መሥራት የሚችል ነው፤ ለጽሑፍና ለንባብ ሲሆን ግን ዝቅ ተደርጎ ማራገቢያው ድምፁ ሳይሰማ ባትሪው ለረጅም ሰዓት ይቆያል። ጄኔሬተር የሌለው ቤት ውስጥ የሚኖር ተማሪ ከዚህ የተሻለ ምን ይመኛል?

ኮምፒውተር አይደለም የሚል ካለ ደግሞ ሱቄ ድረስ ይምጣና ላሳየው። የኋላ ክዳኑን ፈትቼ አይቼዋለሁ። ማከማቻው ኤም ነጥብ 2 የሚባለው፣ በየሳምንቱ ከላፕቶፕ ውስጥ እያወጣሁ የምቀይረው ዓይነት ነው፤ 1 ቴራባይት ይይዛል። ራሙ፣ ማለትም ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ 24 ጊጋባይት ነው። ፕሮሰሰሩ ስምንት ኮር አለው። በዚህች ከተማ ቢሮዎች ውስጥ ለጥገና የሚጠሩኝ ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ የዚህን ሲሶ ራም የላቸውም። የሚሠራውም በዊንዶውስ 11 ነው፤ ኃላፊው ማስታወቂያውን ያስጻፉበት ኮምፒውተር ላይ ያለው ዊንዶውስ ማለት ነው። ከላይ ባሉት ሁለት የዩኤስቢ ሲ ቀዳዳዎች በአንዱ ማከፋፈያ ሰክቼ፣ ኪቦርድና ማውስ አገናኝቼ፣ የኤችዲኤምአይ ኬብሉን ሳሎን ካለው ቴሌቪዥን ላይ ሰካሁት። የአማርኛ ኪቦርዱ እዚያው ዊንዶውሱ ውስጥ አለ። ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት በዚያ ነው። እህቴ ቡና እያፈላች ፊደሎቹ በቴሌቪዥኑ ላይ ሲደረደሩ አይታ፣ ማስታወቂያው የከለከለው ነገር ይህ መሆኑን ስነግራት አላመነችኝም። ከዚያ ወዲህ ነው የልጇ ዕቃ በሩ ላይ ተይዞ የተቀማው።

ሰባት ኢንች ስክሪን ለረጅም ጽሑፍ ትንሽ ነው፤ ስለዚህም ነው ከቴሌቪዥን ጋር የሚያያዘው። 715 ግራም በመመዘኑም ተጋድሞ ለረጅም ጊዜ ሲይዙት ክንድ ያደክማል። እጀታው ግን መዳፍ ሞልቶ ይያዛል። አመሻሹ ላይ ጣና ዳር ተቀምጬ የመኪና እሽቅድምድም ስጫወት ስክሪኑ እንቅስቃሴውን የሚያሳይበት ጥራት፣ በሱቄ ካሉት ስክሪኖች ከአብዛኞቹ ይሻላል፤ በሰከንድ 120 ጊዜ ይታደሳልና።

አዎን፣ ጨዋታ ይጫወቱበታል። ታዲያስ? የዘርፉን በር ወለል አድርጎ የከፈተው፣ የጨዋታ ኩባንያው ቫልቭ በየካቲት 2014 ያወጣው ስቲም ዴክ የተባለ ተመሳሳይ ዕቃ፣ የሚሠራው ሊኑክስ በሚባለው ነጻ የኮምፒውተር ሥርዓት ነው። ጨዋታውን ትቶ ወደ ዴስክቶፕ የሚወስድ ምርጫ አለው፤ እዚያ የደረሰ ተማሪ የዓለም አብዛኛው ሰርቨር የሚንቀሳቀስበትን ሥርዓት በእጁ ይዟል። ለጨዋታ ሲል ፋይል ፍለጋ የገባ፣ ጨዋታው አልነሳ ሲለው ትእዛዝ መጻፍ የተማረ ልጅ፣ ለፈተና ሲል ትርጉም ከሸመደደው ልጅ ይበልጣል። በሱቄ አብረውኝ ከሠሩት ወጣቶች ጎበዞቹ ሁሉ በጨዋታ የጀመሩ ናቸው። አንዳቸውም በማስታወቂያ አልተማሩም።

መንግሥት በሐምሌ 2016 አምስት ሚሊዮን ወጣቶችን ኮዲንግ፣ ማለትም የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ፣ ለማስተማር መርሐ ግብር ጀምሯል። እነዚህ አምስት ሚሊዮን በምን ላይ ይጻፉ? በስልክ ስክሪን ላይ በአውራ ጣታቸው? ኮምፒውተር ያገኘ አንድ ተማሪ ሲገኝ ቅርጹን አይቶ መቀማት ከዚህ ዕቅድ ጋር እንዴት ይታረቃል?

የእህቴ ልጅ በዕቃው ምን እንደሚሠራበት ልንገራችሁ። ጎዶት የሚባል ነጻ የጨዋታ መሥሪያ ፕሮግራም ጭኖበታል። በዚያ ላይ አንድ ጨዋታ እየሠራ ነው። አንዲት የደንገል ታንኳ ከባሕር ዳር ተነስታ ወደ ዘጌ ትሄዳለች፤ መንገዷ ላይ እንቦጭ እየተንሳፈፈ ይመጣል፤ ቀዛፊው ካልፈጠነ ይዘጋባታል። እንቦጩ በዘፈቀደ አይበዛም። ልጁ በየስንት ሰከንዱ በእጥፍ እንደሚያድግ ቀመር ጽፎለታል፤ ነፋሱም ከየት አቅጣጫ እንደሚገፋው ወስኗል። ግራ ጆይስቲኩ ግራ መቅዘፊያ፣ ቀኙ ቀኝ መቅዘፊያ ነው። በኪቦርድ ሲሞክረው ታንኳዋ እየተገተረች አስቸግራው ነበር፤ ጆይስቲኩ ላይ ግን እጅ ትንሽ ሲገፋ ትንሽ፣ ሲበረታ አጥብቃ ትሄዳለች። ቁልፍ ወይ ተጭኗል ወይ አልተጫነም፤ ጆይስቲክ ግን መካከሉን ሁሉ ያነባል። ለዚህ ሥራ ላፕቶፕ ብቻውን አይበቃውም ነበር። ሒሳቡን፣ ሥዕሉንና የሐይቁን ነገር በአንድ ላይ ያገናኘ ተማሪ ነው ዕቃውን የተቀማው።

በነገራችን ላይ ጨዋታ መሥራት ለኢትዮጵያዊ የራቀ ነገር አይደለም፤ ኩኩሉ የተባለችውን የምትሮጥ ዶሮ ጨዋታ የሠሩት የአዲስ አበባ ልጆች ናቸው።

ሱስ ስለተባለው። የዓለም ጤና ድርጅት የጨዋታ ሱስን በበሽታዎች መዝገቡ አስራ አንደኛ እትም አስፍሯል፤ ትክክል ነው፣ አልክድም። ግን መዝገቡ የሚለው ምንድን ነው? ሰውዬው ራሱን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ጨዋታው ከሕይወቱ ሥራ ሁሉ ሲቀድምበት፣ ጉዳቱን እያየ መተው ሲሳነው፣ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ዓመት ያህል ሲዘልቅ ነው። የሚመዘነው የሰው ጠባይ ነው፤ እጀታ ያለውና የሌለው ዕቃ ተብሎ አልተለየም። ሱስ የሚያሳስባቸው ከሆነ በተፈቀዱት ስልኮች ላይ ስላለው የስፖርት ውርርድ ምን ይላሉ? የወር ቀለቡን በአንድ ቅዳሜ ማታ የጨረሰ ተማሪ ያልገጠመው መምህር በዚህች ከተማ የለም። ያ ስልክ በየቀኑ በዚያው በር ይገባል። የገዛውን ጨዋታ ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚጫወተው ይቀማል፤ በቁማር የሚራቆተው ሰላም ተብሎ ያልፋል። ዕቃውን የተቀማው ልጅስ መጫወት ቢያምረው የት የሚሄድ ይመስላቸዋል? ከግቢው ወጥቶ በየጨዋታው ወደሚከፈልበት ቤት ነው።

በክልላችን ከ2015 ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ የነበረበትን ጊዜ አስታውሱ። ያኔ የሚጠቅመው በውስጡ ብዙ መያዝ የሚችል ዕቃ ነበር። ኪዊክስ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ማንበብ ይቻላል፤ ከዚህ መሣሪያ 1 ቴራባይት ላይ ጥቂቱን ብቻ ይወስዳል። የእህቴ ልጅ ጭኖታል። ዕቃው ግን አሁን ጥበቃ ቤት ነው።

ዋጋው ውድ መሆኑን አልደብቅም። አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ 999 ዶላር ነበር፤ ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ በባንክ ተመን ብቻ ቢሰላ ከ100 ሺህ ብር በላይ ነው። የብዙ ተማሪ ቤተሰብ አይችለውም። ይህ ግን ለክልከላው አያግዝም፤ እንዲያውም የባሰ ጥያቄ ያመጣል። ዕቃው በተያዘ ማግስት ወደ በሩ ሄጄ ነበር። ጥበቃው ትሑት ሰው ነው፤ «ጋሼ፣ እኛ የታዘዝነውን ነው» አለኝ፤ በእሱ አልፈርድም። ዕቃውን ያየሁት ግን በሩ በማይቆለፍ ክፍል፣ ጃንጥላዎችና የምሳ ዕቃዎች በተደረደሩበት መደርደሪያ ላይ፣ ስክሪኑ ወደ ላይ ሆኖ ነው። የባለቤቱ ስም አልተጻፈበትም። ደረሰኝ ጠየቅሁ፤ የለም። ከመቶ ሺህ ብር በላይ የሚያወጣ ንብረት ያለ አንዲት ቁራጭ ወረቀት የሚረከብ ተቋም ስለ ሥርዓት ለተማሪ ሊያስተምር አይችልም።

ሥርዓት ከተፈለገ መንገዱ ቀላል ነው። ፈተና ክፍል ውስጥ ማንኛውም ኤሌክትሮኒክ ዕቃ አይግባ፤ ስልኩም፣ ላፕቶፑም፣ ይኸኛውም። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ድምፅ አይሰማ። ማደሪያ ውስጥ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የክፍል ጓደኛውን የሚያውክ ይጠየቅ፤ በጨዋታም ሆነ በስልክ ወሬ። ማስታወቂያው ዛሬውኑ ይነሳ። እስኪነሳም ድረስ ለተያዘው ዕቃ ሁሉ መለያ ቁጥሩን የያዘና ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ለየተማሪው ይሰጥ። የእህቴ ልጅ የታንኳ ጨዋታውን ለመምህሩ የሚያሳይበት ቀን በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ተይዞለታል፤ የሠራው ሥራ ደግሞ ሌላ ቦታ አልተገለበጠም፣ ያለው እዚያ መደርደሪያ ላይ ባለው ዕቃ ውስጥ ነው። ኃላፊው በቀጠሮው ቀን በቦታው ተገኝተው ሁለቱን ጆይስቲክ በእጃቸው ይዘው ታንኳዋን ዘጌ ድረስ እንዲቀዝፏት እጠይቃቸዋለሁ።