ለፍርስራሽ ጀርባ የመስጠት ጥበብ

ሁለት ሺህ ዓመት የቆመን ሕንፃ ፊት ለፊት ማፍጠጥ ነውር መሆኑን የተረዳ ሕዝብ ቢኖር፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ በሮም ፍርስራሾች መካከል የሚንሸራሸረው ሕዝብ ነው። ገንዘብ አጠራቅሞ፣ ቪዛ ለምኖ፣ በፀሐይ ተሰልፎ እዚያ ከደረሰ በኋላ ግንቡን በዐይኑ እንኳ ሳያስቀይም ጀርባውን ይሰጠዋል፤ ስልኩን ክንዱ እስከቻለው ድረስ ዘርግቶ ለገዛ ፊቱ ፈገግ ይልና መንገዱን ይቀጥላል። ሰውና ታሪክ ሆድና ጀርባ ሆኑ እያሉ የሚያማርሩ አሉ፤ እኔ ግን ከዚህ የበለጠ ትሕትና አይቼ አላውቅም።

በዚህ ጥበብ እኛ ሐበሾች ከማንም አናንስም። ሽርሽራችን የሚጀምረው በቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ደጃፍ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ከተሠራው የሰርቪየስ ቅጥር ሥር ነው። ጠላትን ለመመለስ የተደረደሩት እነዚያ ትልልቅ ድንጋዮች ዛሬ ዋና ሥራቸው ለእኛ መቀጣጠሪያ መሆን ነው፤ «ግንቡ ጋ ነኝ» ካሉ ሌላ ምልክት አያስፈልግም። ከጣቢያው ፊት ለፊት የተንጣለለው የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ከወደቁት 500 ያህል የኢጣሊያ ወታደሮች ነው። ለልጁ አሉላ የሚል ስም ያወጣ ሰው በዚሁ አደባባይ ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲጠብቅ ይኖራል፤ ሆኖም አንድ ቀን እንኳ «አምስት መቶ ምን?» ብሎ ባለመጠየቁ የአስተናጋጁን ሀገር ስሜት ይጠብቃል። ጨዋነት ማለት ይህ ነው።

ባለፈው በጋ ከአዲስ አበባ የመጣ የእህቴን ልጅ ይዤ ይህንኑ መንገድ ወረድሁ። ሙሶሊኒ ሰፈር አፍርሶ እ.ኤ.አ. በ1932 በከፈተው የፎሪ ኢምፔሪያሊ ጎዳና ስንሄድ፣ የማክሴንቲየስን ባዚሊካ በሚያዋስነው ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን አራት የእብነ በረድ ካርታዎች ላሳየው ሞከርሁ። ካርታዎቹ ሮም ከአንዲት ነጥብ ተነሥታ እስከ ንጉሠ ነገሥት ትራያኖስ ዘመን ድረስ እንዴት እንደተስፋፋች ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ1936 ከጎናቸው አምስተኛ ካርታ ተሰቅሎ ነበር፤ በእርሱ ላይ ኢትዮጵያ የአዲሱ የፋሽስት ግዛት አካል ሆና ተቀብታ ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ ወረደ። ይህን ስናገር ልጁ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ፣ ጠጉሩን በሁለት ጣቱ እያቃና በስልኩ ውስጥ ራሱን ይመለከት ነበር። «ጋሼ፣ እዚህ ጥላው አሪፍ ነው፤ ብቻ ትንሽ ወደ ግራ ይበሉልኝ፤ ግድግዳው በዝቷል» አለኝ። ወደ ግራ አልሁለት። ከአምስቱ ካርታዎች አንዱን ያወረደው ከጦርነቱ በኋላ የመጣው መንግሥት ነበር፤ የቀሩትን አራቱን ደግሞ የእህቴ ልጅ በአንድ ቃል ከፎቶግራፉ አስወጣቸው።

ኮሎሲየም ስንደርስ የጥበቡ ሊቃውንት በሙሉ ተሰብስበው አገኘናቸው። ንጉሠ ነገሥት ቨስፓስያኖስ ያስጀመረውና ልጁ ቲቶ እ.ኤ.አ. በ80 ያስመረቀው ይህ ሕንፃ ቢያንስ 50 ሺህ ያህል ተመልካች ይይዝ ነበር ይባላል፤ ያ ሁሉ ሰው ግን ፊቱን ወደ ሕንፃው ውስጥ አዙሮ የሚቀመጥ ኋላ ቀር ሰው ነበር። የዛሬው ተመልካች ሁሉ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሯል። በመካከላቸው ጀርባ መስጠት ያልበቃቸው ትጉሃንም አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ ጎብኚ የራሱንና የወዳጁን ስም በግንቡ ላይ በቁልፍ ሲቀርጽ በቪዲዮ ታይቶ ዓለም ሁሉ ጉድ አለ። በኋላ በጻፈው የይቅርታ ደብዳቤ ሕንፃው ይህን ያህል ጥንታዊ መሆኑን አለማወቁን ገለጸ። ሰውዬውን አትንኩብኝ፤ ግንቡን በጣቱ የነካና ፊቱን ወደ ድንጋዩ ያዞረ እርሱ ብቻ ነው።

ከዚያ ተነሥተን በቀስታ እየተራመድን ፖርታ ካፔና አደባባይ ደረስን። የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ የቆመው እዚህ ነበር፤ 24 ሜትር ቁመት ያለው ድንጋይ፣ ለኢጣሊያ አፍሪካ ሚኒስቴር ታስቦ ከተገነባውና ዛሬ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ከሚሠራበት ሕንፃ ፊት ለፊት። እ.ኤ.አ. በ1947 በፓሪስ የተፈረመው የሰላም ውል ኢጣሊያ ከኢትዮጵያ የወሰደችውን በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ያዛል፤ ሐውልቱ አክሱም የገባው ግን እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ሽርሽር ማለት እንዲህ ሳይቸኩሉ ነው፤ የ18 ወሩን መንገድ በ58 ዓመት የጨረሰ መንግሥት ከእኛ የእሑድ ተንሸራሻሪዎች ሁሉ አንደኛ ነው።

የእህቴ ልጅ ዙሪያውን ተመለከተ። መኪና ያልፋል፣ አውቶቡስ ያልፋል፣ ለሌላ ነገር መታሰቢያ የቆሙ ሁለት አጫጭር ዓምዶች አሉ።

«እዚህ ምን አለ፣ ጋሼ?»

«ሐውልታችን ነበር» አልሁት።

ስልኩን ከኪሱ አወጣ፤ ክንዱን ዘረጋ፤ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ፣ አንድ ጊዜ ወደ ግራ ዞረ፤ ከዚያም በእውነት ግራ ገብቶት ጠየቀኝ።

«ታዲያ ጀርባዬን ለየትኛው ልስጥ?»