ይነቀል ባዮች

«ጨርሰው ያውጡትና ይገላገል!»

ይሄን ያለው እህል ነጋዴው ነው። ደብረ ማርቆስ፣ መናኸሪያው አጠገብ ቡና ይዘን ተቀምጠናል። የሚወራው ስለ አንድ ወዳጃችን የእህት ልጅ ነው። ልጁ ገና ሠላሳ አልሞላውም። ድንገት ልቡ ይመታል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ ራሱን ይፈልጠዋል፣ ግፊቱ ጣራ ይነካል። ከዚያ ደግሞ ምንም እንዳልነበረ ይሆናል። ብዙ ጊዜ «ጭንቀት ነው» እየተባለ ከረመ። በመጨረሻ አዲስ አበባ ተልኮ ሲመረመር፣ ከሁለቱም ኩላሊቶቹ አናት ላይ ባሉት አድሬናል እጢዎች ውስጥ እብጠት ተገኘ። ፊዮክሮሞሳይቶማ ይሉታል። በዘር የሚሄድ ዓይነት ነው፤ እናቱንም ያሠቃያት ይኸው ነው። ደግነቱ ወደ ሌላ ቦታ የመዛመት ምልክት አልታየበትም።

ሐኪሞቹ ሁለት መንገድ አስቀመጡ። አንዱ ሁለቱንም እጢ ሙሉ በሙሉ ማውጣት ነው። ሌላው እብጠቱን አውጥቶ ከጤነኛው ክፍል ጥቂት መተው። ቤተሰቡ እንደ ወጋችን ምክር ፍለጋ ወጣ። ምክር ደግሞ እኛ ዘንድ ከቡና ጋር በነጻ ይቀርባል።

ጡረታ የወጡት የባዮሎጂ መምህር ስኒያቸውን አስቀመጡና «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» አሉ። ነጋዴው ሳቀ። እኔ ግን ተረቱ እንዲህ ልክክ ያለበት ቦታ አይቼ አላውቅም። እጢው ሁለት ክፍል አለው። አድሬናሊን የሚያመነጨው የውስጠኛው ነው፤ ይህ እብጠት የሚነሳውም ከዚያ ነው። የውጪኛው ቅርፊት ሥራው ሌላ ነው። ሰውነት ሕመምና ውጥረት የሚቋቋምበትን ኮርቲሶል ያመርታል፣ ጨውና ውኃ የሚቆጣጠረውን አልዶስቴሮንም ያመርታል። ያለ እሱ ሰው አይኖርም። ሁሉንም ጠርጎ ማውጣት ማለት በውስጠኛው ጥፋት የውጪኛውን መቅጣት ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

«ጋሼ፣ ሰርዶ ነቅለው ያውቃሉ?» አለ ነጋዴው። «ሥሩ ከቀረ ይበቅላል። አለቀ!»

ክርክሩ ይኸው ነበር። ሰርዶ። የሰው ሆድ የእርሻ ማሳ መስሎታል። ይህ ሰው ቢሞላ የሚድን ጥርስ ሁሉ እያስነቀለ ዛሬ በአንድ ጎን ነው የሚያኝከው፤ ምክሩም ከዚያው ልምድ የመጣ ነው።

አብራን የነበረችው ነርስ ግን በትዕግሥት መለሰችለት። «እውነትህን ነው ወንድሜ፣ ሊመለስ ይችላል። ከተተወው ቁራጭ ላይ ከዓመታት በኋላ ከአሥር ሰው አንዱ ገደማ ይመለስበታል። ስለዚህ በየዓመቱ የደም ወይም የሽንት ምርመራ አለ። ከተመለሰም ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ይከብዳል። ግን አብዛኞቹ ያለ ኪኒን ይኖራሉ። ከአንዱ እጢ ሲሶው ከነደም ሥሩ ከተረፈ ሰውነት ይበቃዋል።»

አንድ ጤነኛ አድሬናል እኮ አራት፣ አምስት ግራም ቢመዝን ነው። የዚያ ሲሶ!

ነጋዴው አልተረታም። «ኪኒን ምን አለበት እህቴ? ስኳር ያለበት ሰው ሁሉ ይውጥ የለም?»

እዚህ ላይ ነርሷ ትንሽ ተቆጣች። ሁለቱም እጢ የወጣለት ሰው የኮርቲሶል ምትክ የሆነውን ሃይድሮኮርቲሶን በየቀኑ፣ ሁለቴ ወይም ሦስቴ፣ እስከ ዕለተ ሞቱ ይውጣል። በላዩ ላይ የአልዶስቴሮን ምትክ የሆነው ፍሉድሮኮርቲሶን አለ። ትኩሳት ሲይዘው መጠኑን እጥፍ ያደርጋል። ካስመለሰው ኪኒኑ ሆዱ ውስጥ አይቆይምና 100 ሚሊግራም በመርፌ ቶሎ መወጋት አለበት። ካልሆነ ግፊቱ ይወርዳል፣ ራሱን ይስታል፣ ይሞታል።

«እና አውቶቡሱ አባይ በረሃ ውስጥ ተበላሽቶ ቢያድርስ? ማነው የሚወጋው? አንተ?» አለችው።

መምህሩ የጾምን ነገር አነሱ። የልጁ እናት በፍልሰታ እስከ ቅዳሴ መውጫ ውኃ እንኳ አትቀምስም፤ ልጇም የእሷው ልጅ ነው። የጠዋቷን ኪኒን ማን ያስውጠዋል? ያለ ኪኒኑ የሚሆነው ደግሞ ይታወቃል፤ በ1855 ዓ.ም. (በፈረንጅ) ቶማስ አዲሰን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እነዚህ እጢዎች የሞቱባቸውን ሰዎች መዝግቦ ነበር። ሰዎቹ እየመነመኑ ነው ያለቁት። መድኃኒቱ የተገኘው ከዘጠና ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። «መድኃኒቱ ተገኘ ማለት ደግሞ ማርቆስ ደረሰ ማለት አይደለም» አሉ መምህሩ። ቀጥለውም ያንኑ ደገሙ፤ «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።»

እርግጥ ካንሰር ከሆነ ቁራጭ መተው የለም፣ ይወጣል። እብጠቱ በአንድ ወገን ብቻ ሲሆንም ብዙ ጊዜ ያን እጢ ሙሉውን ያወጡታል፤ ሌላው ይሸፍናልና። በዚህ ማንም አልተከራከረም። የልጁ ግን የሁለቱም ነው። ደግሞስ «ነገውኑ ይቀደድ» የሚለው ነጋዴያችን፣ ልጁ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለቀናት፣ ለሳምንታትም ግፊቱን የሚያረግብ መድኃኒት መውሰድ እንዳለበት ሲነገረው ስልኩን መነካካት ጀመረ።

እኔ ልጁን ብሆን ጥቂቱን አስተርፉልኝ እላለሁ። በየዓመቱ ልመርመር። ፋርማሲ ለፋርማሲ «የለም፣ ነገ ብቅ ይበሉ» እየተባልኩ ከምዞር፣ ያቺ ከአንድ ግራም ብዙም የማትበልጥ ሥጋ ሥራዋን ትሥራልኝ። ይነቀል ባዩ እንደሁ መድኃኒት ፍለጋው ላይ የለም። መክሮ ሄዷል።

ዘመኑ የእሱ ነው መሰለኝ። ባልና ሚስት ሲጋጩ «ፍቺ!» ነው። የድሮ ሽማግሌ ሦስት ቀን ተመላልሶ ለሁለቱም ትንሽ ትንሽ ያስተርፍ ነበር፤ የዛሬው ፍርዱን ኪሱ ይዞ ይመጣል። አዊ ውስጥ፣ ፋግታ ለኮማ አካባቢ፣ ስንቱ የገብስና የጤፍ መሬቱን በሙሉ ዲከረንስ የሚባለውን የከሰል ዛፍ አለበሰው። ከሰሉ ገንዘብ አመጣ፣ አይካድም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ዛፉን በሽታ ሲመታው ግን አንዲት ጥማድ እንኳ ለእህል ያላስቀረው ሰው ገበያ ወጥቶ ጤፍ ሸማች ሆነ።

እድራችን ሳይቀር ይሄው ይዞታል። ባለፈው ስብሰባ ወርሃዊ መዋጮ ያልከፈሉ ሦስት ሰዎች ተጠሩና «ይሰረዙ» ተባለ። ቅጣት ይከፈል፣ ጊዜ ይሰጥ የሚል ጠፋ። ከሦስቱ አንዷ መድኃኒት ፍለጋ አዲስ አበባ ከርማ የመጣች ሴት ናት። ደረሰኟን ከፌስታል አውጥታ ልታሳይ ስትል ጸሐፊው «ደንብ ደንብ ነው» ብሎ ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ።