ማስተካከያ፦ አጣማሪ ሳትይዙም መምጣት ትችላላችሁ

የዩኒቨርሲቲያችንን የቦልሩምና የላቲን ዳንስ ተወዳዳሪ ቡድን ስለ መቀላቀል ባለፈው ባወጣነው ማስታወቂያ «አጣማሪ ይዛችሁ ኑ» ብለን ነበር። ተሳስተናል፤ ይቅርታ። ብቻውን የመጣ ሰው ልምምድ ላይ ይጣመራል፤ ጭራሽ ጨፍሮ የማያውቅም በጀማሪዎች ምድብ ይወዳደራል። በዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ምክንያት የቀረ ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩልን፣ ይምጣ።

ሳልሳንም ከላቲን የውድድር ዳንሶች ቆጥረነው ነበር። በዓለም አቀፉ ስልት 5ቱ ሳምባ፣ ቻቻቻ፣ ሩምባ፣ ፓሶ ዶብሌና ጃይቭ ናቸው። ሳልሳ የምትችሉ ግን ዳሌያችሁ ስለለመደ ሩምባ ላይ ይቀላችኋል።

የዳንስ ጫማ ለመግዛትም አትቸኩሉ። ብቻ የጎማ ሶል ያለው ጫማ አታድርጉ፤ ወለሉን ቆንጥጦ ይይዝና ስትዞሩ ጉልበታችሁን ይጠመዝዘዋል። ልሙጥ ሶል ለጊዜው ይበቃል።