ማስተካከያ፦ ካሆኦላዌ ሙሉ በሙሉ አልጸዳችም

ትናንት ስለ ሃዋይዋ ደሴት ስለ ካሆኦላዌ ስጽፍ "ቦምቡ ሁሉ ተለቅሞ አልቋል" ብያለሁ፣ ስህተት ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ደሴቷ ከ1941 እስከ 1990 (በፈረንጆቹ) የአሜሪካ ጦር ቦምብ መለማመጃ ነበረች፣ በ1993 ኮንግረሱ 400 ሚሊዮን ዶላር ለጽዳት ፈቀደና የባሕር ኃይሉ ሥራውን አስጀመረ፣ ግን ሲጨርስ ከላይ ገጿ የተለቀመው 75 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። እስከ 1.2 ሜትር ጥልቀት ድረስ የጸዳው ደግሞ ከመላ ደሴቷ 10 በመቶ አካባቢ ነው። ቀሪው 25 በመቶ ጭራሽ አልተነካም፣ በዙሪያዋ ያለው ባሕር ውስጥም ያልፈነዳ አለ።

"ከላይ ተለቀመ" እና "ጸዳ" አንድ አይደሉም፣ እኔም የተምታታብኝ እዚህ ጋ ነው። እዛ ደሴት ላይ አፈሩ በጣም ይሸረሸራል፣ ዝናብና ንፋስ አፈሩን ሲጠርገው የተቀበረው ብቅ ሊል ይችላል፣ ለዛ ነው ችግኝ ሊተክሉ የሚሄዱ በጎ ፈቃደኞች እንኳ የሰለጠነ አጃቢ ሳይኖር የማይንቀሳቀሱት። የድሮውን ጽሑፍ ሼር ያደረጋችሁ እባካችሁ ይሄንንም ሼር አድርጉት፣ ሰው ደህና ነው ብሎ እንዳይሄድ።