ማስተካከያ፦ ስለ ሶፎክልስ ሦስቱ የቴብስ ተውኔቶች

ስለ ግሪክ ትራጄዲ (አሳዛኝ ተውኔት) ቀደም ሲል በወጣው ጽሑፍ፣ የጥንቱ የአቴና ጸሐፌ ተውኔት ሶፎክልስ ስለ ቴብስ ከተማ ንጉሣዊ ቤተሰብ የጻፋቸው «ንጉሥ ኤዲፐስ»፣ «ኤዲፐስ በኮሎኖስ» እና «አንቲጎኔ» በአንድ በዓል ላይ ተከታትለው የታዩ ሦስት ክፍሎች እንደሆኑ ተገልጿል። ይህ ትክክል አይደለም። በታሪኩ ቅደም ተከተል መጨረሻ የምትመጣው «አንቲጎኔ» ከሦስቱ ቀድማ የተጻፈች ናት፤ ለመድረክ የበቃችው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ441 ገደማ ነው። «ኤዲፐስ በኮሎኖስ» ግን የታየው በ401፣ ደራሲው ከሞተ በኋላ፣ በልጅ ልጁ አማካይነት ነው። በመካከላቸው 40 ዓመት ያህል አለ።

ተውኔቶቹ እርስ በርስም አይገጥሙም። በ«አንቲጎኔ» መጀመሪያ ላይ የአንቲጎኔ እህት ኢስሜኔ አባታቸው ኤዲፐስ ተጠልቶና ክብሩን አጥቶ እንደሞተ ትናገራለች፤ በኮሎኖሱ ተውኔት ግን ኤዲፐስ አምላክ ጠርቶት በክብር ይሰናበታል። የኤዲፐስ ሚስት ወንድም የሆነው ክሪዮንማ በሦስቱም ሌላ ሰው ነው፦ በአንዱ ሥልጣን የማያጓጓው አስተዋይ፣ በሌላው ግትር ገዢ፣ በሦስተኛው የኤዲፐስን ሴቶች ልጆች የሚነጥቅ መሠሪ። እንደ አንድ ታሪክ ካነበብናቸው ይህ ለውጥ ስሕተት ይመስላል፤ ለየብቻ ስናነባቸው ግን የሶፎክልስ ብልሃት የሚታየው እዚሁ ላይ ነው።

ተውኔቶች ይወዳደሩበት በነበረው የአቴና የዲዮኒሶስ በዓል እያንዳንዱ የትራጄዲ ተወዳዳሪ ሦስት ትራጄዲ ማቅረቡ እውነት ነው። ሙሉ ሆኖ የደረሰን ተከታታይ ሦስትዮሽ ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ458 የቀረበው የሌላው ጸሐፌ ተውኔት የአይስኪሎስ «ኦሬስቴያ»።