እንኳን ለቤትህ አበቃህ፣ ተያዥ አለህ?

ይቅር ባይነትን መማር የፈለገ ሰው ደሴ ይምጣና የኛን ሰፈር ዕድር ስብሰባ ይይ። ሸዋ በር አካባቢ ነን፤ ጠይቆ አያጣንም።

ባለፈው እሁድ ከማረሚያ ቤት የወጣ የቀድሞ አባላችን ጉዳይ ቀረበ። ይመለስ ወይስ አይመለስ? የተናገረው ሁሉ "እኔ በግሌ ምንም ችግር የለብኝም፣ ግን..." እያለ ጀመረ። ከ"ግን" በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። በመጨረሻ በሙሉ ድምፅ ይቅር አልነው። ድንኳን ይተክላል፣ ሬሳ ይሸከማል፣ መዋጮውን በወቅቱ ይከፍላል። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ግን አይነካም። ድስትና ሳህን አለበታ!

ሰውዬው የታሰረው በድብድብ ነው። ሳህን ነክቶ አያውቅም። ቢሆንም ጥንቃቄ አይከፋም። ሬሳችንን እንጂ ሳህናችንን እንዴት አምነን እንሰጠዋለን?

ደግነታችን ደግሞ የዛሬ አይደለም። የወጣ ዕለት ስኳርና ቡና ይዘን ቤቱን ሞላነው። "አብሽር! ዋናው ጤና ነው!" አልነው። ቶናው ሳይቀዳ ምርመራው ተጀመረ። ፖሊስ ያልጠየቀውን ጠየቅን። በረካውን ጠጥተን ወጣንና የሰማነውን ላልሰማው ሁሉ በነፃ አደረስን። ከተማችን ለእንግዳ የምታሳየው አይጠየፍ አዳራሽ አላት። ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበት ነው። እኛም ፎቶ እንነሳበታለን።

ከሁሉም የማደንቃቸው ግን አንዲት እትዬ አሉ። ቁምሳጥን አላቸው፤ የማረሚያ ቤት ሥራ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር በጡጫ እየደበደቡ ያሳያሉ። "ስሙት እስቲ! እንጨቱ ድፍን ነው። የውጪዎቹ አናጢዎች አጭበርባሪ ናቸው፤ እስረኞቹ ግን ሐቀኛ ናቸው" ይላሉ። ታዲያ የቁምሳጥኑ በር ከማጠፊያው ወለቀ። ሰውዬው ተጠራ። ገና ሲያየው "እትዬ፣ ይሄን እኮ የሠራሁት እኔ ነኝ!" አለ። እትዬ ደስ አላቸው። "እጅህ ይባረክ ልጄ!" አሉት። ወዲያው ወርቃቸውን በነጠላ ቋጥረው ጎረቤት አስቀመጡ።

ቀጥሎ መኝታ ቤት መግባት የለበትም ተባለ። በሩን አውጥተው ሰጡትና ግቢ ውስጥ፣ በዚያ በጦሳ ተራራ ብርድ፣ አሳምሮ ሠራው። አሁን ማን ይግጠመው? እሱ ከገባ ያያል። ምን እንደሚያይ አልተነገረንም። እንግዲያውስ ቁምሳጥኑ ራሱ ይውጣ ተባለ። አራት ጎረምሶች ተሸክመው መጡና የቤቱ በር ላይ ተሰነቀረ። ለካ ሲገባ ተፈታቶ ነው የገባው። "ልፍታው?" አለ ሰውዬው ከግቢ ሆኖ። "አንተ እዚያው ሁን!" አሉት። ታስሮ የማያውቅ አናጢ ተጠራ። መቃኑን ነቀለ፣ ግማሹን ሰነጠቀ፣ ቀብድ ተቀበለ፣ ሚስማር ልግዛ ብሎ እንደወጣ ቀረ። ስልኩም ዝግ ነው። ቤቱ ክፍት ሆኖ አደረ። ስለዚህ እትዬ ዘበኛ መቅጠር ግድ ሆነባቸው። ሰውዬው ለዘበኝነት አመለከተ። ተያዥ አምጣ ተባለ።

ተያዡ ቋሚ ሠራተኛ መሆን አለበት። ደመወዙ ጠቀም ያለ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የሚያጽፍ፣ ለሌላ ሰው ዋስ ያልሆነ። እንዲህ ያለ ዘመድ ቢኖረው ዘበኝነት ምን ያስኬደዋል?

መንግሥት እንኳ የፍርዱን ሁለት ሦስተኛ ጨርሶ ጠባዩ ያማረውን በአመክሮ ይለቃል። የኛ ሰፈር አመክሮ የለውም። ፍርድ ቤቱ ዓመቱን ቆጥሮ ሰጠው፤ እሱም ቆጥሮ ጨረሰ። እናንተ የምትጨምሩበትን ማን ፈረደ? በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ቅጣቱን የጨረሰ ሰው፣ ጽኑ እስራት ከነበረ ከ5 ዓመት፣ ካልሆነ ከ2 ዓመት በኋላ፣ ጠባዩ ከተመሰከረለት ፍርዱ ከመዝገብ እንዲሰረዝለት መጠየቅ ይችላል። ከተሰረዘ በኋላ የድሮውን እያነሳ በክፋት የሚሰድበው ሰው በስም ማጥፋት ይጠየቃል። "እውነት ነው እኮ ያልኩት" ማለት እንኳ አያድነውም። ሕጉ ራሱ ለመርሳት ቀጠሮ ይዟል። እኛ ግን ሴት ልጁን ትምህርት ቤት በር ላይ "የእስረኛው ልጅ" እንላታለን። ገና ወተት ጥርሷ ያልረገፈ ልጅ ናት። ማንን ደበደበች? ነውር ነው። ነውር!

ወደ ሙገሳዬ ልመለስ። መድረክ ላይ የሚናገሩልን ሰዎች አሉ። ባነር ይሰቀላል፣ የላስቲክ ውሃ ይደረደራል፣ "ኅብረተሰቡ በሁለት እጁ ሊቀበላቸው ይገባል" ይባላል፣ ይጨበጨባል። ይሄን ኅብረተሰብ የሚሉትን ሰውዬ ፒያሳ ፈለግኩት፣ አራዳ ፈለግኩት፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ድረስ ወጣሁ፤ የለም። በሻይ ሰዓት አንዱን ተናጋሪ ጠጋ ብዬ "ጋሼ፣ ሱቅዎ ውስጥ አንድ ሰው አይቀጥሩም?" አልኳቸው። ሁለት ሱቅ አላቸው። "እኔማ ነጋዴ ነኝ" አሉኝ። ልክ ናቸው። ኅብረተሰቡ ሌላ ሰው ነው።

ሰውዬው በመጨረሻ ወደ ኮምቦልቻ ወረደ። እዚያ ማን ያውቀዋል? አንድ እንጨት ቤት ገባ። እጁን አዩ፣ ቀጠሩት። የኛ ሰፈር ሰው ግን ወገኑን የትም አይጥልም። አንድ በጎ ፈቃደኛ ጎረቤታችን ሥራውን ትቶ፣ በራሱ ሒሳብ፣ ያን ሁሉ የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ወርዶ ለአሠሪው ነገረው። "ለአንተው አስቤ ነው፤ እኔን እንዳትጠራኝ" አለው። አበል አልጠየቀም፤ አንድ ማኪያቶ ብቻ ተጋበዘ። ሲመለስ የሚኒባሱ ረዳት ከታሪፍ በላይ አስከፈለው መሰለኝ፣ ሸዋ በር እስኪደርስ ሲጨቃጨቅ መጣ። "ሌባ ሁሉ!" ይል ነበር። "እንደናንተ ያለው ነበር መታሰር ያለበት!"