ዕግዱን ያስመዘገበው ባንክ ዕግዱን ያሰርዝ

የኮንዶሚኒየም ብድሩን ከፍሎ የጨረሰ ሰው ባንኩ «ዕዳ የለብዎትም» ሲለው ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። አላለቀም። ለብድሩ ዋስትና በቤቱ ላይ የተያዘው መያዣ፣ ማለትም ዕግዱ፣ ተመዝግቦ የተቀመጠው በከተማው የይዞታ መዝገብ ላይ ነው። ከዚያ እስካልተሰረዘ ድረስ ቤቱን ሸጦ ስም ማዛወር ቀርቶ ለልጅ በስጦታ ማስተላለፍም ጣጣ ነው። በየቦታው የሚጠየቀው «ከዕዳና ዕገዳ ነፃ» የሚል ማረጋገጫ ነዋ!

ብድሩ ሲሰጥ እንዴት እንደነበር እናስታውስ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት መያዣ የሚጸናው በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ሲገባ ነው። ባንኮች ይህን ጠንቅቀው ስለሚያውቁ ምዝገባውን ነቅተው ይከታተላሉ። ዕዳው ሲያልቅ ግን መከታተሉ የተበዳሪው ሥራ ይሆናል። ከቅርንጫፉ ደብዳቤ ያጽፋል፣ ወደ ክፍለ ከተማ ይወስዳል። በደብዳቤው ላይ የካርታው ቁጥር አንድ አኃዝ ከተዛነፈ፣ ወይም የአያት ስም ከመዝገቡ ጋር ካልገጠመ፣ «አስተካክለህ አምጣ» ተብሎ ይመለሳል። ስህተቱ የጸሐፊው፣ ምልልሱ የባለቤቱ።

ዓረብ አገር ሠርታ ብድሩን የከፈለች እህት ደግሞ ለዚሁ ጉዳይ በኤምባሲ በኩል ውክልና መላክ ሊኖርባት ነው። የቆዩ ብድሮችማ የባሰ ነው። ቤቶችና ቁጠባ ባንክ ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ሆነ፤ እሱም በ2008 ዓ.ም. ከንግድ ባንክ ጋር ተዋሃደ። ያን ጊዜ የተበደረው አባት ቢሞት ወራሾቹ ፋይሉን ከየት ብለው ይጀምሩ?

«ደንበኛው ራሱ ቢከታተል ይፈጥናል» የሚሉ አሉ። ለሚቸኩል ሰው የስረዛ ደብዳቤውን ግልባጭ መስጠት ይቻላል፤ ግዴታው ግን የባንኩ ይሁን። በኒውዮርክ ሕግ አበዳሪው ዕዳው በተከፈለ በ30 ቀን ውስጥ የመሰረዣ ሰነዱን ለመዝጋቢው ካላቀረበ ለባለንብረቱ 500 ዶላር ይከፍላል፤ መዘግየቱ ከ90 ቀን ካለፈ 1,500 ይደርሳል።

ብሔራዊ ባንክም እንዲህ ያለ የጊዜ ገደብና ቅጣት በመመሪያ ቢያወጣ ማንም አይጎዳም። ባንኩ መያዣውን ሲያስመዘግብ የተጠቀመበት የደብዳቤ ቁጥርና ቀን በእጁ ስላለ፣ ስረዛውንም በዚያው መንገድ መላክ አያቅተውም።

እስከዚያው ብድራችሁን ከዓመታት በፊት የጨረሳችሁ ሁሉ፣ ገዢ እስኪመጣ አትጠብቁ። የመሬት ይዞታ ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ መዝገቡ ስለ ቤታችሁ ምን እንደሚል ዛሬውኑ ጠይቁ።